«ፈጣሪንስ ማን ፈጠረው?» ማለት መልስ አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ውስጥ አንድ የወጣቶች የውይይት ፕሮግራም ላይ ነበርኩ። ርዕሱ «ዓለም ጅማሬ አላት ወይ?» የሚል ነው። አዳራሹ ሞልቶ ግድግዳ ተደግፎ የሚያዳምጥ ሁሉ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ነው፤ አንደበቱ የሚጥም፣ ያነበበ ልጅ። ማይኩን ያዘና እንዲህ አለ፦ «ሁሉም ነገር አስገኚ አለው ትላላችሁ። እሺ፣ ፈጣሪንስ ማን ፈጠረው? ይህን ካልመለሳችሁ ክርክሩ እዚህ ጋ አለቀ።» አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ።

ከኋላ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። መድረክ መሪው ሰዓት የለም ብሎ አስቀመጠው። ሰኞ ዕለት ደግሞ አዘጋጆቹ በቴሌግራም ቻናላቸው ውሳኔ ለጠፉ። እንዲህ ያለ ርዕስ ከእንግዲህ አይቀርብም። ሁለት ምክንያት ሰጡ። አንደኛ፣ ጥያቄው «በሳይንስ የተዘጋ» ነው። ሁለተኛ፣ ወሎ የመቻቻል አገር ስለሆነ «ሃይማኖት ነክ ክርክር ሰው ያሻክራል»።

የመጀመሪያው ምክንያት ሐሰት ነው። ሁለተኛው ወሎን መስደብ ነው። ሁለቱንም ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያን ሁሉ ጭብጨባ ያስገኘችውን ጥያቄ እንያት። «ሁሉም ነገር አስገኚ አለው» ያለው ማን ነው? እስኪ አንድ ስም ይጥሩልኝ። ሙስሊሙ ሊቅ አል-ገዛሊ አላለም። እሱ ያለው «ጅማሬ ያለው ነገር ሁሉ አስጀማሪ አለው» ነው። ሙስሊሙ ፈላስፋ ኢብን ሲናም አላለም። የእሱ ነገር «ላይኖር ይችል የነበረ ነገር ሁሉ ለመኖሩ ከራሱ ውጭ የሆነ ምክንያት ይፈልጋል» ነው። የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስም አላለም። የሺህ ዓመት ክርክር ውስጥ ዋናዋን ቃል ቆርጠህ ጣልክ፣ የቀረውን ይዘህ ረታሁ አልክ። ይህ ሰው ያላለውን አስብሎ መርታት ነው። በየትኛውም የአገር ሽምግልና ላይ ብታደርገው ሽማግሌዎቹ «ቃሉን መልስ» ይሉህ ነበር።

እኔ «ያገባ ወንድ ሁሉ ሚስት አለው» ብል፣ አንድ ሰው ተነስቶ «እሺ፣ የመነኩሴውስ ሚስት ማን ናት?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? መነኩሴው ሚስት ስለሌለው የእኔ አባባል አልፈረሰም። እኔ ስለ መነኩሴ አልተናገርኩም። «ያገባ» ብያለሁ። እነዚያም ሰዎች «ጅማሬ ያለው» ብለዋል። ፈጣሪ ጅማሬ የለውም እያሉ ከሚከራከሩ ሰዎች ፊት ቆሞ «ማን አስጀመረው?» ማለት የሰውን ነገር አለመስማት ነው። ያልሰማኸውን ደግሞ አልረታኸውም።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሁሌም ፊቴ ላይ የሚመጣው አንድ ጠዋት ነው።

ልጅነቴን ያሳለፍኩት ሐይቅ አካባቢ፣ አያቴ ቤት ነው። ያኔ መንደራችን ውስጥ ክብሪት በየቤቱ አይቀመጥም። ገንዘብ ነው። ከጎረቤት እሳት እያለ ክብሪት የሚገዛ ሰው እንደ አባካኝ ነው የሚታየው። ማታ ማታ አያቴ ፍሙን ሰብስባ በአመድ ታዳፍነዋለች። ጠዋት አመዱን ገለጥ ስታደርገው ቀይ ሆኖ ያድራል። ጠፍቶ ካደረ ደግሞ ገል ታስይዘኝና «ሂድ፣ ከእነ እገሌ ቤት እሳት ጭረህ ና» ትለኛለች። እኔ እሮጣለሁ። ጎረቤት ፍሙን በገሌ ላይ አድርጋ ትሰጠኛለች፤ አመድ ነስነስ ታደርግበታለች እንዳይበርድ። እኔ እፍ እያልኩ እመለሳለሁ። ጣቴን ያቃጠለኝ ጊዜ ብዙ ነው።

አንድ የነሐሴ ጠዋት ግን እንዲህ ሆነ። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ፣ ጣራው አፍስሶ፣ ምድጃው ረጥቦ አደረ። አያቴ አመዱን ብትገልጠው ጭቃ ነው። ገሉን ይዤ ወደ መጀመሪያው ጎረቤት ሄድኩ። ሴትየዋ በር ላይ ቆማለች። እሷም ገል ይዛለች። «ውይ ልጄ፣ እኔ እኮ ከእናንተ ልጭር እየመጣሁ ነው» አለችኝ። ወደ ቀጣዩ ቤት ሄድኩ። እነሱ ደግሞ እሷን እየጠበቁ ነው። ከዚያ ወደ ላይኛው ቤት። እነሱ ልጃቸውን ወደ ታችኛው ልከዋል። ስድስት ቤት ዞርኩ። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ጉልቻ እኩል ቀዝቅዟል። ሁሉም ቤት እሳት መጫሪያ ገል አለው። ሁሉም ቤት «ከእነ እገሌ» ይላል። እሳት ግን የለም። ቡና የለም፣ ቁርስ የለም፣ ሕፃን ያለቅሳል።

ረፋዱ ላይ አንድ ጎረቤታችን ከሐይቅ ከተማ ተመለሰ። ክብሪት በፌስታል ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይዟል። እኛ ቤት በረንዳ ላይ ቁጢጥ ብሎ ደረቅ ኩበት ፈልጎ ጫረ። የመጀመሪያው እንጨት ከሸፈ። ሁለተኛው ያዘ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከየጣራው ጭስ ሲወጣ አየሁ።

ወጣቱ ተናጋሪ «የምክንያቱ ሰንሰለት ወደ ኋላ ያለ ማለቂያ ቢሄድስ? ምን ችግር አለው?» ብሎም ነበር። ችግሩ ያ ጠዋት ነው። እኔ ስድስት ቤት ዞሬ እሳት አጣሁ። መንደሩ ላይ መቶ ቤት ብትጨምርበት አገኝ ነበር? ሁሉም የሚጭር ከሆነ አላገኝም። ሺህስ? ሚሊዮንስ? ማለቂያ የሌለው መንደር፣ ማለቂያ የሌለው በር፣ በየበሩ ገል የያዘ ሰው። የተበዳሪ ብዛት እሳት አይሆንም። ቤቶቹን በክብ ብትሰራቸውና የመጨረሻው ከመጀመሪያው ይጭር ብትልም ያው ነው። «መንደሩ ከጥንት ከዘላለም የነበረ ነው» ብትልም ያው ነው። ቀዝቃዛ ጉልቻ ዘላለም ቢቆይ አይሞቅም።

አሁን አንዱ ይነሳና «እሳቱ ግን አለ እኮ! እያንዳንዱ ቤት ከፊተኛው ጭሯል፣ ስለ እያንዳንዱ ቤት መልስ አለህ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ይለኛል። ይህ ነገር ብልህ ይመስላል። ግን አይደለም። እኔ የጠየቅኩት እሳቱ እነ እገሌ ቤት እንዴት ገባ ብዬ አይደለም። የጠየቅኩት እዚህ መንደር ውስጥ እሳት የሚባል ነገር ከናካቴው እንዴት ኖረ ብዬ ነው። «ከጎረቤት» የሚለው መልስ እሳቱን ከቤት ቤት ያዞረዋል እንጂ አይወልደውም። ማለቂያ የሌለው ጊዜ ብታዞረው ጥያቄዬ እንዳለ ነው። እንዲያውም ሰፋ፤ አሁን የማይገባኝ አንድ ምድጃ ሳይሆን ማለቂያ የሌለው ምድጃ ነው።

አማርኛችን ይህን ነገር ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል። «ጫረ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሰራል። ፍም ከጎረቤት ጫረ እንላለን። ክብሪት ጫረ እንላለን። የመጀመሪያው የነበረን እሳት መቀበል ነው። ሁለተኛው እሳት ማስገኘት ነው። ፈላስፎቹ መጽሐፍ ሙሉ የጻፉበት ልዩነት ይሄው ነው። ዛፍ ከዘር፣ ዘር ከዛፍ፣ እኔ ከእናቴ፣ እናቴ ከእናቷ፣ ምድር ከፀሐይ ዙሪያ ከነበረ አቧራ፣ አቧራው ከሞቱ ኮከቦች። ሁሉም ፍም ጫሪ ነው። አንዱም ክብሪት ጫሪ አይደለም።

ስለዚህ «ፈጣሪን ማን ፈጠረው?» የሚለው ጥያቄ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ያን ጠዋት በረንዳችን ላይ ክብሪት የጫረውን ሰውዬ «ይህን እሳት ከማን ቤት ጫርከው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከማንም ቤት አልጫረም! እሱን ከስድስቱ ጎረቤቶች የሚለየው ይሄ ነው። ሰባተኛ ጎረቤት አይደለም። ሰባተኛ ገል ያዥ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ቁርስ ባልበላን።

«ክብሪቱስ ከፋብሪካ አልመጣም?» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ሊቃውንቱ «ምሳሌ ዘየሐፅፅ» ይላሉ፤ ምሳሌ ሁሌም ከነገሩ ያንሳል። ክብሪቱም ከሌላ ካገኘ እሱም አንድ ተጨማሪ ቤት ነው፤ ፍለጋው ይቀጥላል። የክርክሩ ጉልበት ግን አንድ ቦታ ላይ ያልተበደረ መኖር አለበት የሚለው ነው። መኖሩን ከማንም ያልጫረ። ይህን ከካድክ ሁሉም ገል ይዞ ቆሟል፤ እኔና አንተ ግን አለን። ይህን አስታርቅልኝ።

ፕሮግራሙ አልቆ ስንወጣ በር ላይ የተናጋሪው ጓደኛ እንግሊዛዊውን ፈላስፋ ራስልን ጠቀሰልኝ። በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ከኢየሱሳዊው ቄስ ከኮፕልስተን ጋር ሲከራከር፣ ሰው ሁሉ እናት አለው ማለት የሰው ዘር በሙሉ አንድ እናት አለው ማለት አይደለም ብሎ ነበር። «ዩኒቨርስ ዝም ብሎ አለ፣ በቃ» ሲልም ተናግሯል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ያሸነፈ ሰው ፈገግታ ነበር።

እስኪ ጋቢ እንውሰድ። እያንዳንዱ ክር ቀላል ስለሆነ ጋቢው ቀላል ነው ማለት አይቻልም። እውነት ነው፤ ራስል እዚህ ላይ ልክ ነው። ግን እያንዳንዱ ክር ነጭ ከሆነ ጋቢው ነጭ ነው። ክብደት ሲደመር ይለወጣል፣ ቀለም አይለወጥም። አሁን ጥያቄው መበደር እንደ ክብደት ነው ወይስ እንደ ቀለም? ስድስት ገል የያዙ ሰዎችን አንድ ላይ ብታቆማቸው እሳት ያለው ቡድን ይሆናሉ? አይሆኑም። ነጩን ክር በነጭ ክር ላይ ብትሸምነው ቀይ ጥለት አይወጣህም። «ዝም ብሎ አለ» ደግሞ መልስ አይደለም። ላብራቶሪ ውስጥ ያለ ተመራማሪ ያንን ቢጽፍ ራሱ ራስል ወረቀቱን ይመልስበት ነበር። በትንሹ ነገር ላይ ምክንያት የሚጠይቅ ሰው ትልቁ ላይ ሲደርስ «በቃ» ካለ፣ ያቆመው ሐሳቡ ሳይሆን ፍላጎቱ ነው።

አሁን «በሳይንስ የተዘጋ» ወደሚለው እንምጣ። ይህን የጻፈው ሰው የሳይንሱን ታሪክ አላየውም። ጥያቄውን የዘጋው ሳይንስ አይደለም፤ ሳይንስ ነው በሩን በርግዶ የከፈተው።

አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1917 የማይሰፋና የማይጠብ ዩኒቨርስ ለማግኘት ሲል ቀመሩ ላይ አንድ ቁጥር ጨመረ። ቤልጂየማዊው ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ጆርጅ ለሜትር በ1927 ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው አለ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ሀብል በ1929 ጋላክሲዎች በራቁ ቁጥር በፍጥነት እንደሚሸሹ በመለኪያ አሳየ። ለሜትር በ1931 ወደ ኋላ ሄዶ ሁሉም ነገር ከአንድ ጅማሬ እንደመጣ ተናገረ። ይህ ብዙዎቹን አልተመቻቸውም። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍሬድ ሆይል ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1948 ጅማሬ የሌለው ዩኒቨርስ ሐሳብ አቀረበ። በዓመቱ በሬዲዮ የለሜትርን ሐሳብ «ቢግ ባንግ» (ታላቁ ፍንዳታ) ብሎ ጠራው። ስሙ ከዚያ ቀረ።

ከዚያ ኒው ጀርዚ ውስጥ ፔንዚያስና ዊልሰን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1964 ትልቅ የቀንድ ቅርጽ ያለው አንቴና ላይ የማይጠፋ ሹሹታ ሰሙ። ወደየትም ቢያዞሩት ሹሹታው አለ። ክረምትም በጋም አለ። አንቴናው ውስጥ እርግቦች ጎጆ ሰርተው ነበርና ኩሳቸው ነው ብለው እርግቦቹን አስወጡ፣ አንቴናውን ጠረጉ። ሹሹታው ቀጠለ። ለካ የሰሙት ከዩኒቨርስ ልጅነት የተረፈውን ሙቀት ነው። ዛሬ ከፍጹም ዜሮ በላይ 2.7 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። በአመድ ውስጥ ያደረ ፍም ማለት ነው፤ 13.8 ቢሊዮን ዓመት የተዳፈነ። በ1978 ኖቤል ተሸለሙበት። ጅማሬ የለም ይል የነበረው ሐሳብ ከዚያ በኋላ ወደቀ።

አውቃለሁ፣ ቢግ ባንግ ብቻውን «ከዚያ በፊት ምንም አልነበረም» አይልም። ለሜትር ራሱ ቄስ ሆኖ ሳለ ፊዚክሱ የሃይማኖት ማስረጃ እንዲደረግ አልወደደም። ይህን አልደብቅም። ግን «ተዘጋ» ማለትና «ገና ነው» ማለት አንድ ነው እንዴ? እ.ኤ.አ. በ2003 ቦርድ፣ ጉዝና ቪሌንኪን የሚባሉ ሦስት የፊዚክስ ሰዎች በአማካይ እየሰፋ የኖረ ዩኒቨርስ ወደ ኋላ ያለ ገደብ ሊቀጥል እንደማይችል በሒሳብ አሳይተዋል። ሌሎች ከዚህ የሚያመልጥ ሞዴል እየፈለጉ ነው። ይፈልጉ። የተዘጋ ጥያቄ ላይ ማንም እንዲህ አይደክምም።

«ከምንም ተነስቶ ይመጣል፣ ኳንተም ነው» የሚለውም ተነስቶ ነበር። የፊዚክስ ሊቁ ሎረንስ ክራውስ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ሕዝብ ዘንድ አደረሰው። በዚያው ዓመት ዴቪድ አልበርት የሚባል የፊዚክስ ፈላስፋ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ መልስ ሰጠው። ይህ «ምንም» የተባለው ነገር የፊዚክስ መስክ አለው፣ ሕግ አለው፣ ስለዚህ ምንም አይደለም ብሎ። በእኛ ቋንቋ ልበለው። ባዶ ጎተራ «ምንም» አይደለም። ጎተራው አለ። ጭቃው፣ ጭዱ፣ የሰራው ሰው እጅ አለበት። እህል የለውም ማለት ነው እንጂ ጎተራ የለም ማለት አይደለም። እኔ የምጠይቅህ ስለ ጎተራው ነው፣ አንተ ስለ እህሉ ታወራኛለህ።

የፊዚክስ ሊቁ ሆኪንግ ደግሞ ከጅማሬ በፊት ምን ነበር ማለት ከደቡብ ዋልታ በስተደቡብ ምን አለ እንደማለት ነው ይል ነበር። ይሁንለት። ጊዜ ራሱ ከዓለም ጋር ጀመረ ካለ የሃይማኖት ሊቃውንቱም ይህን ብለዋል። የእሳቱ ነገር ግን «በፊት» የምትለዋን ቃል አያስፈልገውም። ኢብን ሲና ዓለም ጅማሬ የላትም ብሎ ያምን ነበር፤ ግን አስገኚ አላት ይል ነበር። አኩዊናስም ዓለም ጅማሬ እንዳላት በእምነት እንጂ በማስረጃ አይታወቅም ብሏል፤ ሆኖም ክርክሩን አልተወም። ምክንያቱም ጥያቄው መቼ ተጀመረ አይደለም፤ አሁን በዚህች ደቂቃ መኖሯን ከየት እየጫረች ነው ነው። ይህን ያላዩ ሰዎች ቢግ ባንግ ላይ ሲነታረኩ ይውላሉ።

ያም ሆኖ እኔ በልቤ ከገዛሊ ጋር ነኝ። ያለፈ ጊዜ ማለቂያ የለውም ለሚሉት አንድ ሒሳብ አቀረበላቸው። ፀሐይ በዓመት አንዴ ትዞራለች፣ ሳተርን በ30 ዓመት አንዴ፤ በዘመኑ እንደሚታየው ማለቱ ነው። ሁለቱም ከዘላለም ጀምሮ ከዞሩ የዙራቸው ብዛት እኩል ነው? አንዱ የሌላውን 30 እጥፍ እየዞረ? ዙሩስ ሙሉ ቁጥር ነው ጎዶሎ? የሒሳብ ሊቁ ካንተር ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ቁጥር ወረቀት ላይ እንደማይጋጭ አሳይቷል። ወረቀት ላይ ይሁን። ቀን ግን አንድ በአንድ ነው የሚያልፈው። ነዳጅ ማደያ ተሰልፈህ፣ ከፊትህ ያለው ሰልፍ መጀመሪያ ባይኖረው ተራህ ይደርሳል? አይደርስም። ዛሬ ግን ደርሷል። ቅዳሜ ደርሶ እዚያ አዳራሽ ተቀምጠናል።

ሁለተኛውን ምክንያት፣ «ወሎ ስለሆነ» የሚለውን፣ አሁን እናንሳ።

ይህ ክርክር የማን ነው? ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ላይ እስክንድርያ ውስጥ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል ክርስቲያን ያለፈ ጊዜ ማለቂያ የለውም የሚሉትን ግሪኮች ተቃወመ። የእሱ ነጥቦች ወደ ዓረብኛ ተሻግረው ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ላይ አል-ኪንዲ ጋ ደረሱ። አል-ገዛሊ (1058–1111) አጠነከራቸው። ሌላው ሙስሊም ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ መልስ ጻፈበት። አይሁዳዊው ማይሞኒደስ መረመረው። አኩዊናስ (1225–1274) ከኢብን ሲናም ከማይሞኒደስም ተማረ። ክርስቲያኑ ከሙስሊሙ፣ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ እሳት ሲጭር ነው የኖረው። ይህን ክርክር ለወሎ አይሆንም ያለ ሰው ወሎን አያውቃትም። ይህ ክርክር ራሱ ወሎዬ ነው!

በእኛው አገር ስም የሚታወቀውም ሐተታ የሚባለው የፍልስፍና መጽሐፍ ይህንኑ ይላል። ወላጆቼ ከወለዱኝ እነሱንስ ማን አስገኛቸው፣ የእነሱንስ ወላጆች፣ እያለ ያልተወለደ አስገኚ እስኪያገኝ ወደ ኋላ ይሄዳል። የጻፈው ዘርዓ ያዕቆብ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ሙግት አልበረደም። ማንም ይጻፈው፣ ጥያቄው በግዕዝ ተጠይቋል።

አያቴ ሙስሊም ነበረች። ወንድሟ ክርስቲያን። ወሎ ውስጥ ይህ ለማንም ወሬ አይሆንም። ዓውደ ዓመት ሲሆን እሱ ይመጣል፤ ቡናው ይፈላል፣ ቄጤማው ይጎዘጎዛል። እነሱ ሲከራከሩ ነው ያደግኩት። ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ሞት፣ ስለ ዕጣ። እሱ «እቴዋ፣ ተሳስተሻል» ይላታል። እሷ «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ጠጣ ቡናህን» ትለዋለች። ሦስተኛው ስኒ ላይ ተመራርቀው ይለያያሉ። አንድም ቀን ተኳርፈው አያውቁም። እኛን ያኖረን መከራከር አለመቻላችን ሳይሆን ተከራክረን ቡና መጠጣት መቻላችን ነው።

ጥያቄ በትእዛዝ ሲዘጋ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ወሎ ከማንም በላይ ታውቃለች። ቦሩ ሜዳ ከደሴ አፍንጫ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 እዚያ ጉባኤ ተደርጎ የሃይማኖት ክርክር በንጉሥ ውሳኔ ተዘጋ። ያልተቀበሉት ካህናት ተወገዙ። የወሎ ሙስሊምም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ታዘዘ። ያ አዋጅ ሰው አስማማ? አላስማማም። ደም አፈሰሰ፣ ሰው አሰደደ። የቴሌግራም ማስታወቂያ የንጉሥ አዋጅ ነው አላልኩም። መንፈሱ ግን አንድ ነው፤ ሰው አስቦ የሚደርስበትን እኛ አስቀድመን እንወስንለት የሚል። ያሻከረን ክርክር አይደለም፤ የክርክር መዘጋት ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ይህ ክርክር አርብ የትኛው እንደሚጾም አይነግርህም። ሰላት ወይስ ቅዳሴ አይልህም። ከአንድ ያልተበደረ አስገኚ ጋር ያደርስህና ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ መንገድ ነው፣ በሌላ ብርሃን የሚሄዱበት። አንዳንዱ «እንግዲያው ምን ዋጋ አለው?» ይለኛል። ለእኔ ትልቅ ዋጋ አለው። የአያቴም የወንድሟም ጉልቻ የሞቀው በአንድ እሳት ነው ማለት ነዋ።

ለአዘጋጆቹ የምለው አጭር ነው። ርዕሱን መልሱት። ወጣቱን መምህርም መልሳችሁ ጥሩት፤ ጥያቄው ደካማ ነው እንጂ ልጁ ደካማ አይደለም፤ መልስ ሲሰማ የተሻለ ጥያቄ ይዞ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነኝ። ጭብጨባው ይቅርና ጊዜው ይርዘም።

ቅዳሜ ከአዳራሹ ስወጣ ያን እጁን አውጥቶ የነበረ ተማሪ ፒያሳ ታክሲ ሲጠብቅ አገኘሁት። አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ደብተሩን ጠቅልሎ ይዟል። «ቢፈቅዱልህ ምን ልትል ነበር?» አልኩት። ትንሽ አፈረና «ጋሼ፣ ፈጣሪ ተፈጠረ ያለው ማነው ብዬ ልጠይቀው ነበር» አለኝ።

የሚቀጥለው ጊዜ መጀመሪያ ማይኩን ለእሱ ስጡት።